«ብሩን ልላክ ወይስ ይቅር?» ገጠር ቦታ ለመግዛት ቀብድ ለከፈለችው እህት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ላላየው ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ሪያድ ሰው ቤት እየሠራሽ 7 ዓመት ሆኖሻል፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ገጠር ቀበሌ ውስጥ 200 ካሬ ቦታ በ420 ሺህ ብር ተገኝቶልሻል፣ ወንድምሽ 50 ሺህ ቀብድ ሰጥቷል፣ ገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር አለው፣ ሦስት ሽማግሌ ይፈርማል፣ ከተማው እየሰፋ ስለሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ ካርታ፣ ማለት የከተማ ይዞታ ማረጋገጫ፣ ይወጣለታል ተብለሻል፣ የቀረውን 370 ሺህ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስገባሽ ደግሞ ቀብዱ ይቃጠላል ብለውሻል።

አትላኪ።

መልሱ ይሄው ነው፣ ሥራ ላይ ከሆንሽ የቀረውን ማታ ስትገቢ አንብቢው። እኔ ወረዳ የመሬት አስተዳደር ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ መጀመሪያ ቀያሽ ሆኜ ማሳ ለማሳ ስዞር ኋላ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብዬ የክርክር ፋይል ሳይ፣ አሁን ከመንግሥት ሥራ ወጥቼ የመሬት ጉዳይ ያለበትን ሰው እያማከርኩ ነው የምኖረው። ስለዚህ ገዢውም ሻጩም ሲያለቅስ አይቻለሁ። ወንድምሽ አጭበርብሮሻል እያልኩሽ አይደለም በጭራሽ፣ ገበሬውም ሌባ ነው አላልኩም፣ አብዛኞቹ ከልባቸው ነው የሚሸጡት፣ ቃላቸውንም እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚጠብቁ ብዙ አይቻለሁ። ጣጣው የሚመጣው ከዕለተ ሞታቸው በኋላ ነው።

ምን እየሸጡልሽ እንደሆነ እንይ እስቲ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው ይላል። ይሄ ዛሬ የመጣ አይደለም፣ በደርግ ጊዜ የካቲት 1967 ላይ የገጠር መሬት ከተወረሰ ጀምሮ ገበሬው በእጁ ያለው የመጠቀም መብት ብቻ ነው። በ2016 አዲስ የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1324፣ እሱ መብቱን ሰፋ አድርጎታል፣ ገበሬው መሬቱን ያርሳል፣ ያከራያል፣ ለልጁ ያወርሳል፣ ሕጉ ለሚፈቅደው ሰው በስጦታ ይሰጣል፣ ከሌላ ገበሬ ጋር ይቀያየራል፣ አሁን ደግሞ የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር ሁሉ ይችላል። ይሄ ሁሉ ተፈቅዶለት መሸጥ ግን የለም። ስለዚህ 420 ሺህ ብር ከፍለሽ የምትገዢው መሬት ሳይሆን የገበሬውን ቃል ነው። ቃሉ ደግሞ እሱን እንጂ ሚስቱን አያስር፣ ልጆቹን አያስር፣ ቀበሌውን አያስር።

«ግን'ኮ ሁሉም ሰው እየገዛ ነው» ልትዪኝ ነው። አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ሪጂዮፖሊታን፣ ማለት ትልቅ የክልል ከተማ፣ ከተባለች፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ከመጣ ወዲህ በየአቅጣጫው ገብስ የነበረው ማሳ ላይ ቆርቆሮ አጥር ሲበቅል ማንም ያየዋል። ደላላውም የሚያሳይሽ ያንን ነው፣ «ይቺን ቤት አየሻት? የእንትና ነች፣ እሷም እንዳንቺ ዓረብ አገር ነው ያለችው፣ ማን ነካት?» ይልሻል። እውነቱን ነው፣ እስካሁን ማንም አልነካትም። 

አንድ ጉዳይ ልንገርሽ፣ ስምና ቦታ አልጠቅስም። ሰውየው ሹፌር ነው፣ 2007 ላይ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ 250 ካሬ በ85 ሺህ ብር ገዛ። የተለካው በገመድ ነው፣ ገመዱ ላይ በየአምስት ሜትሩ ቋጠሮ አለ፣ ገበሬው ራሱ አንዱን ጫፍ ይዞ ከባህር ዛፉ እስከ ካቡ ድረስ ሄደ፣ አራት ድንጋይ ተተከለ፣ ከዛ ቤት ገብተው ጠላ ተጠጣ ቆሎ ተበላ፣ ውሉ ጉልበት ላይ ተጻፈ፣ ሦስት ሽማግሌ ፈረመ፣ ገበሬው በጣት አሻራ አተመ። ቆሎውን የቆላችው ሚስትየው ናት። ጠላውንም የቀዳችው እሷ ናት። አስፈርሟት የሚል ሰው አልነበረም፣ ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም ምንም አላለችም። ደብተሩ ላይ ግን የሁለቱም ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፣ አማራ ክልል ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ነው የገባው፣ የጋራ ይዞታ ነው ማለት ነው።

ገበሬው በ2011 ሞቱ። እሳቸው እያሉ አንድም ቀን ክፉ ነገር አልተነሳም፣ እንዲያውም ሹፌሩን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። 2013 ላይ አዲስ አበባ የምትኖር ልጃቸው መጣችና ከእናቷ ጋር ሆነው ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ ውሉን አየ፣ የመሬት ሽያጭ ነው፣ ፈራሽ ነው አለ፣ በቃ። 85 ሺውን ይመለስለት፣ መሬቱን ይልቀቅ፣ የሠራበትን ነገር አንስቶ ይሂድ ተባለ። እኔ ድንበሩን እንድለካ ተልኬ ስደርስ ሰውየው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን እየነቀለ ነበር፣ ሚስማሩን አንድ በአንድ በጣሳ ይሰበስባል፣ ያቃናዋል፣ ሌላ ቦታ ሊጠቀምበት። በሩንም መስኮቱንም አንስቷል። ከዛ ወረደና መሠረቱን እያየ «ኢንጅነር፣ ድንጋዩንስ ቆፍሬ ልውሰደው?» አለኝ። ኢንጅነር አይደለሁም። ምን እንደምመልስለት ሁሉ አላወቅኩም፣ ሜትሬን ጠቅልዬ ተመለስኩ።

ፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ አንቀጽ 1815 የሚባል አለ፣ ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወገን ወደነበሩበት ይመለሱ ነው የሚለው። ስሚው ሲያምር! ወደነበርሽበት ትመለሻለሽ ማለት ግን የሰጠሽው ብር በቁጥሩ ይመለስልሻል ማለት ነው፣ 85 ሺህ ከሰጠሽ 85 ሺህ። በ2007 85 ሺህ ብር ምን እንደሚገዛ፣ በ2013 ምን እንደሚገዛ አንቺው አስቢው። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የብሩ ነገር ምን እንደሆነ ሪያል ስትልኪ በዓይንሽ ያየሽው ነው፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዛ በፊት የከፈለ ሰው ዛሬ ውሉ ቢፈርስበት የሚቀበለው ያንኑ የድሮውን ቁጥር ነው። ይሄ ደግሞ ውሉ ላይ የተጻፈው ትክክለኛው ዋጋ ከሆነ ነው! ብዙ ጊዜ 400 ሺህ ተከፍሎ ውሉ ላይ 60 ሺህ ይጻፋል። ያኔ 340 ሺው በምን ይመሰከራል?

አሁን ደግሞ «መሬት ሳይሆን ቤት ነው የሸጥኩት ይባላል» የሚል ሰው ይመጣልሻል፣ ወንድምሽን ጠይቂው፣ መቶ በመቶ ከነዚህ አንዱን ብለውታል። መሬት ሽያጭ ስለማይቻል ውሉን ሌላ ልብስ ያለብሱታል። በጣም የተለመደው ሁለት ቀን በማይሞላ ጊዜ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ወይም የቆርቆሮ ሰርቪስ ያቆሙና «ቤት ሸጥኩ» ብሎ መጻፍ ነው። ሐሳቡ ከየት መጣ? እዛው አንቀጽ 40 ላይ አንድ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ መሬት ላይ ያፈራው ቋሚ ንብረት የራሱ ነው፣ ሊሸጠው ይችላል ይላል። እውነት ነው። ግን ዳኛ ሞኝ አይደለም፣ 3 ሜትር በ4 ሜትር ቆርቆሮ 420 ሺህ እንደማያወጣ ያውቃል፣ ቤቱ የተሠራው ከውሉ በፊት በነበረው ሳምንት እንደሆነ ከጎረቤት ምስክር ይሰማል። ደግሞ የቤት ሽያጭ ነው ካልሽ ራሱ ፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ላይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል የሚያረጋግጥ አካል ፊት መደረግ አለበት ይላል፣ ሦስት ሽማግሌ ይሄንን አይተካም። ውል አረጋጋጭ ጋ ብትሄዱ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርታው የታል?» ነው። ለዛ ነው'ኮ ደላላው ወደ ሽማግሌ እንጂ ወደዛ የማይወስድሽ።

ሌላው ልብስ ብድር ነው፣ «ከእሷ 420 ሺህ ተበድሬያለሁ፣ እስክመልስ ድረስ መሬቱን ትጠቀምበት» ይላል። እሺ፣ ሲመልስልሽስ? ልጁ ከአምስት ዓመት በኋላ 420 ሺህ ብር በፌስታል ይዞ መጥቶ «የአባቴን ዕዳ እንኪ፣ መሬቴን ልቀቂ» ቢልሽ ውሉ የሱ ጠበቃ ሆነ ማለት ነው። ስጦታም አለ፣ ለባዕድ ሰው የገጠር መሬት ስጦታ ብሎ መጻፍ፣ ሕጉ ስጦታን የሚያውቀው በቤተሰብና እሱ ባስቀመጣቸው ሰዎች መካከል ነው፣ ቢሮ ስትሄጂ ምን ትሆኚዋለሽ ይሉሻል። ከሁሉም የምጠላው ግን ውክልናውን ነው። ገበሬው ለወንድምሽ «በመሬቴ ላይ እንደኔ ሆኖ ይወስን» ብሎ ውክልና ይሰጣል፣ ማኅተም ስላለው ሰው ያምነዋል። ውክልና በማንኛውም ቀን ይሻራል፣ ወካዩ ከሞተ ደግሞ አብሮት ይቀበራል። ያ ማኅተም ያለው ወረቀት በቀብሩ ማግስት መጠቅለያ ወረቀት ነው።

ወደ ካርታው ልምጣ፣ አንቺን የሳበሽ እሱ ስለሆነ። «ከተማው ሲደርስበት ካርታ ይወጣል» የሚለው ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ ውሸት ስላልሆነ ነው ሰው የሚበላበት። ከተማ ገጠር ቀበሌን ሲጠቀልል ምን ይሆናል መሰለሽ፣ መሬቱ ለልማት ይፈለጋል ይባልና ባለይዞታው ካሳ ተከፍሎት ይነሳል፣ ቦታው ወደ ከተማው ይገባል፣ ከዛ በፕላን ተሸንሽኖ በሊዝ፣ ማለት ለተወሰነ ዓመት ከመንግሥት በሚያዝ ኪራይ፣ ይወጣል። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ 1161 በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ ያስቀመጠው ስሌት ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ ወስዶ በ15 ማባዛት ነው። ይሄ ገንዘብ ለማን ነው የሚከፈለው? ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው። ገባሽ? አንቺ 420 ሺህ ትከፍያለሽ፣ ከተማው ሲመጣ ካሳውን እሱ ይቀበላል፣ አንቺ ደግሞ ሕገወጥ ግንባታ ተብለሽ ቤትሽ ይፈርሳል ተብሎ ቀይ ቀለም ይቀባብሻል። ገበሬውንም ቢሆን አልፈርድበትም፣ ካሳው መቼ እንደሚመጣ አያውቅም፣ ጎረቤቱ በትንሽ ካሳ ሲነሳ አይቷል፣ ስለዚህ ከተማው ሳይደርስ በፊት ጫፍ ጫፉን ቆርሶ መሸጥ ይጀምራል። የኔን ቦታ ቢነኩኝ እኔም ያንን ላደርግ እችላለሁ።

እንዴ ታዲያ ካርታ ያገኙ ሰዎች የሉም? አሉ። ሰነድ አልባ ይዞታ ወደ ሕጋዊ ሥርዓት የገባበት ጊዜ አለ፣ አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች «የ88 ላይን ማፕ»፣ «የ97 ላይን ማፕ» ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል፣ ከላይ በተነሳ የአየር ፎቶ ላይ ቤቱ ከታየ ይስተናገዳል ካልታየ አይስተናገድም ማለት ነው። የሊዝ አዋጁም፣ የ2004ቱ 721፣ ያለ ፈቃድ የተያዙ ቦታዎች እንዴት መስመር እንደሚይዙ አንቀጽ አለው። ግን አንድ ነገር አስተውይ፣ የሚቆረጠው ቀን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው። መንግሥት ተነስቶ «ከዛሬ በኋላ የሚገዛ ይስተናገዳል» ብሎ አያውቅም፣ «እስከዚህ ዓመት ፎቶ ላይ የታየ» ነው የሚለው፣ ያም ቀን ሲታወጅ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። ያኔ የተጠቀሙት ሰዎች ዕድለኞች ናቸው፣ ደላላው ደግሞ የነሱን ዕድል ላንቺ እየሸጠልሽ ነው። በተጨማሪም የሊዝ አዋጁ ያለ ፈቃድ የከተማ ቦታ ማጠርና መገንባት በእስር የሚያስቀጣ አድርጎታል፣ ይሄንን ወንድምሽ ይወቅ፣ አጥሩን የሚያጥረው እሱ ነው፣ አንቺ ሪያድ ነሽ።

ስለ ደብተሩ። «ደብተር አለው» ሲሉሽ ተረጋግተሻል አይደል? ደብተሩ የሚያረጋግጠው ገበሬው የመጠቀም መብት እንዳለው ነው፣ ንጹህ ደብተር ሽያጩን ሕጋዊ አያደርገውም። ቢሆንም ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፣ ብዙ ነገር ይናገራል። የመጀመሪያው ዙር ደብተር በገመድና በግምት የተለካ ነው፣ ድንበሩ «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ማስረጃ የማሳው ንድፍ አለው፣ የማሳ መለያ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩን ወረዳ ወስዶ ማየት ይቻላል። እዛ ላይ ሚስት አለች? መሬቱ የሙት ልጆች ሆኖ እሱ ሞግዚት ይሆን? ተከራይቶ የተመዘገበ ሌላ ሰው አለ? በአዲሱ አዋጅ አስይዞ ተበድሮበትስ እንደሆነ? አንድ ጊዜ አንዱን ማሳ ለአራት ሰው የሸጠ አጋጥሞኛል፣ አራቱም ሽማግሌ ያስፈረመ ውል አላቸው፣ ሁለቱ ውል ላይ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አንድ ናቸው! የዛን ቀን ቢሮ ውስጥ የሆነውን ጩኸት ተዪው።

በነገራችን ላይ የካሬው ነገርም አለ። 200 ካሬ ተብሎ የሚሸጠው ቦታ መንገዱን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር? ከማሳ መሃል ተቆርሶ ከሆነ መግቢያሽ በሌላ ሰው ማሳ ነው። ገበሬው አንድ ጥማድ፣ ማለት ሩብ ሄክታር ገደማ፣ ለአስር ሰው ሲሸነሽን መንገድ የሚተው የለም፣ መንገድ ብር አያመጣማ።

እሺ ቀብዱስ? ይቃጠላል ያሉሽ ለማስቸኮል ነው። ሕጉ ላይ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን አልፈጽምም ካለ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከሆነ እምቢ ያለው እጥፍ ይመልሳል የሚል አለ፣ ሽማግሌዎቹም የሚያውቁት ይሄንን ነው፣ ለበሬና ለቤት ሲሆን ትክክል ናቸው። ግን ቀብድ የሚቆመው ዋናው ውል ሲቆም ነው። ዋናው ውል ከመነሻው ሕገወጥ ከሆነ በቀብዱ ብቻውን ላይ ተንጠልጥሎ «አቃጠልኩብሽ» ማለት አይቻልም፣ እኔ የማየው እንደዚህ ነው፣ እዛም ወደነበራችሁበት ተመለሱ የሚለው ነው የሚሠራው። ክስ ሂዱ አላልኩሽም ታዲያ፣ 50 ሺህ ብር ለማስመለስ ወንድምሽ ስድስት ወር ፍርድ ቤት ደጅ መጥናት የለበትም። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ራሳቸውን ይላክ፣ በትህትና፣ «እህቴ ሐሳቧን ቀይራለች፣ የከሰራችሁት ካለ ንገሩን፣ የቀረውን መልሱልን» ይበል። ገበሬው ብሩን ለማዳበሪያ ወይ ለልጁ ሠርግ አውጥቶት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ከመኸር በኋላ ቀነ ቀጠሮ ያዙና «50 ሺህ ብር አለብኝ፣ በዚህ ቀን እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ይፈርምለት፣ ስለ መሬት አንድም ቃል ሳይጠቀስበት። ከዚህ በፊት በዚህ መንገድ ግማሹን ያስመለሱ አሉ፣ ሙሉውን ያስመለሱም አሉ። ቢጠፋስ? 50 ሺህ ያማል፣ የስንት ወር ላብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የወጣውን 50 ሺህ ለማዳን ብለሽ 370 ሺህ አትጨምሪበት።

አሁን ብሩን ምን ታድርጊው ለሚለው፣ ይሄ ነው ዋናው። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት እስካለሽ ድረስ ከተማ ውስጥ ሕጋዊ ቦታ እንዳትይዢ የሚከለክልሽ የለም፣ ዜግነት የቀየሩትም ቢሆን ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላቸው የማይንቀሳቀስ ንብረት ማፍራት ይችላሉ። ትልቁ ከተማ ዋጋው አይቀመስም ካልሽ በዙሪያው ያሉ ትንንሽ ከተሞችን እዪ፣ ማዘጋጃ ቤት ያላቸውን። ሊዝ ጨረታ ያወጣሉ፣ ማስታወቂያው ማዘጋጃው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ወንድምሽ ሰነዱን ገዝቶ መወዳደር ይችላል። ለመኖሪያ ቤት ሊዙ 99 ዓመት ነው፣ ስታሸንፊ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትከፍዪም፣ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ቢያንስ 10 በመቶ ነው፣ የቀረው በዓመት ይከፋፈላል። ሰው ጨረታ ሲባል ይፈራል፣ «የኛ ሰው ካልሆንክ አይደርስህም» ይላል፣ አንዳንድ ቦታ እንደዛም ሊሆን ይችላል፣ ግን ሞክረው ያገኙ ሰዎችን አውቃለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሊዝ ቦታ ይዘሽ መተኛት አይቻልም፣ ግንባታ የምትጀምሪበት ጊዜ ውሉ ላይ አለ፣ ካለፈ ቦታው ይነጠቃል፣ ግማሽ እንኳ ሳትገነቢ ለሌላ አስተላልፋለሁ ብትዪም ትርፉ ላንቺ እንዳይሆን ሕጉ ያጠብቃል። ስለዚህ ቅድመ ክፍያው ብቻ ሳይሆን የመሠረት ብርም ይኑርሽ።

ሁለተኛው መንገድ ካርታ ያለውን አሮጌ ቤት መግዛት ነው። እዛው አካባቢ ባሉ ትንንሽ ከተሞች የድንጋይ ቤት ከነግቢው ይገኛል፣ ቤቱ ላያምርሽ ይችላል፣ አንቺ ግን የምትገዢው ካርታውን ነው። ወንድምሽ የሻጩን ካርታ ይዞ ማዘጋጃ ሄዶ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ካርታው ፋይላቸው ውስጥ አለ ወይ፣ እዳና እገዳ አለበት ወይ፣ ግብሩ እስከ ስንት ዓመት ተከፍሏል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ካልሆነ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። አራተኛ ጥያቄም አለ፣ ሰው የሚረሳው፦ ነባር ይዞታ፣ ማለት በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ቦታ፣ ከሆነ በውርስ ካልሆነ በስተቀር በሽያጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ስም ሲዞር የዓመት ሊዝ ክፍያው ስንት እንደሚመጣብሽ ቀድመሽ እወቂ፣ ቤቱን ከገዙ በኋላ እሱን ሰምተው የደነገጡ ብዙ ናቸው። ውሉ የሚፈረመው ውል አረጋጋጭ ፊት፣ ክፍያው በባንክ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ወይ በሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ትእዛዝ)፣ እጅ በእጅ አንድ ብር እንዳይሰጥ።

ውክልናውን ሪያድ ኤምባሲ ትሰጪያለሽ፣ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ያረጋግጡታል። ስትሰጪ ግን «ማንኛውንም ነገር እንደኔ ሆኖ» የሚለውን ሰፊ ውክልና አትስጪ። «በስሜ እንዲገዛ፣ በስሜ እንዲያስመዘግብ፣ ካርታውን እንዲረከብ» በቂ ነው፣ መሸጥና ማስያዝ የሚሉት ቃላት አይግቡበት። ይሄንን ስልሽ ወንድምሽ ቅር እንዳይለው፣ ለሱም ነው የሚጠቅመው፣ ነገ ሚስት ያገባል፣ በትዳር ውስጥ በስሙ የተገዛ ነገር የሚስቱም ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ ያንቺ 7 ዓመት በሱ ፍቺ መሃል ተካፍሎ ሲሄድ ማየት የሚፈልግ አይመስለኝም። ዓረብ አገር ሠርተው በወንድም ስም ገዝተው ተመልሰው ሲመጡ እንግዳ የሆኑ ሴቶች ቢሮዬ ስንት ጊዜ እንደመጡ ብነግርሽ አታምኚኝም፣ ከነሱ ውስጥ ወንድሙ ክፉ የነበረው ጥቂቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥያቄሽ ውስጥ «የእናታችን አገር እዛው አካባቢ ነው» ብለሻል። እናትሽ በሕይወት ካሉ ወይም የሳቸው ይዞታ እስካሁን በስማቸው ካለ መጀመሪያ እሱን አጣሩ እንጂ ከባዕድ ምን አስገዛችሁ? ወላጅ ለልጁ በውርስም በስጦታም የሚያስተላልፍበት መንገድ ሕጉ ውስጥ አለ፣ ዝርዝሩ የክልሉ አዋጅ ነው፣ የአማራው 252/2009 ነው፣ ወረዳው መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ጠይቁ። ላንቺ ባይሆን እንኳን እዛው እየኖረ ለሚያርሰው ወንድምሽ ሊሆን ይችላል።

ነገ ወንድምሽ ስልክ ሲደውል መጀመሪያ «ደብተሩ ላይ ስንት ፎቶ አለ?» በዪው። ሁለት ካለ «ሚስትየዋን አናግረሃታል?» በዪው። ያናገራት አይመስለኝም። ከዛ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ያ ቀበሌ በከተማው ፕላን ክልል ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም ብሎ ይጠይቅ፣ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ፣ ማመልከቻውን እኔ እጽፍላችኋለሁ፣ አንድ ገጽ ነው። የሚሉትን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።